ከመርከበኞች ፊት እስከ ናምቦር፦ ቆዳን ከፀሐይ እርጅና የመጠበቅ ታሪክ

ፊትን ከፀሐይ የመከለል ልማድ ከክሬም ዘመን እጅግ ይቀድማል። በበርማ ታናካ የሚባለውን ዛፍ ቅርፊት ከውሃ ጋር ድንጋይ ላይ እየፈጩ ጉንጭና ግንባርን መቀባት ለዘመናት የኖረ፣ ዛሬም ያልተቋረጠ ልማድ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ይህን ሥራ ነጠላ፣ ጃንጥላና የዛፍ ጥላ ሲሠሩት ኖረዋል። የአውሮፓ ባለጸጋ ሴቶች ባርኔጣና ዓይነ ርግብ የሚያደርጉት ደግሞ በፀሐይ የጠቆረ ፊት የሜዳ ሠራተኛ ምልክት ተደርጎ ይታይ ስለነበር ነው።

ፀሐይ ቆዳን እንደምታስረጅ በሕክምና ዓይን የታየው ዘግይቶ ነው። ጀርመናዊው ዮሐን ቪልሄልም ሪተር በ1801 እ.ኤ.አ. ከብርሃን ሐምራዊ ጫፍ ባሻገር ዓይን የማያየው ጨረር መኖሩን አረጋገጠ (ቀጥለው ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ1889 ስዊድናዊው ዮሐን ቪድማርክ ቆዳን የሚያቀላው ሙቀት ሳይሆን ይኸው አልትራቫዮሌት ጨረር መሆኑን በሙከራ አሳየ። በ1890ዎቹ የሐምቡርጉ የቆዳ ሐኪም ፓውል ገርሶን ኡና ዕድሜያቸውን በባሕር ላይ የፈጁ መርከበኞችን መረመረ። ለፀሐይና ለነፋስ የተጋለጠው ፊታቸው፣ አንገታቸውና የእጃቸው ጀርባ ሻክሮና ወፍሮ፣ ቀለሙም ተዘበራርቆ አገኘው። ለውጡንም ከቆዳ ካንሰር ጋር አያያዘው።

ይህ እውቀት ግን ሰውን ከፀሐይ አላራቀውም። ዘመኑ ፀሐይ እንደ መድኃኒት የምትቆጠርበት ነበር። የዴንማርኩ ኒልስ ፊንሰን በጠንካራ ብርሃን የቆዳ ሳንባ ነቀርሳን በማከሙ በ1903 የኖቤል ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት ኦጉስት ሮሊየ በስዊዘርላንድ ተራሮች፣ ሌዛን በምትባል ከተማ፣ ሕሙማንን ፀሐይ በማሞቅ የሚያክም ክሊኒክ ከፈተ። በ1919 በርሊን ውስጥ ኩርት ሁልድሺንስኪ የሕፃናት አጥንት የሚያጣምመውን ሪኬትስ በአልትራቫዮሌት መብራት ፈወሰ። ስለዚህ የዚያን ጊዜ የፀሐይ ፍቅር ጭፍን ፋሽን ብቻ አልነበረም፤ ከበስተኋላው የዳኑ ሕፃናት ነበሩ።

ፋሽኑም ተከተለ። በ1936 የፈረንሳይ ሕግ ለሠራተኛው በዓመት ሁለት ሳምንት ከደመወዝ ጋር ዕረፍት ሲፈቅድ የባሕር ዳርቻዎች በሰው ተሞሉ። ሎሬያልን የመሠረተው ኬሚስት ኧዤን ሹለርም አምብር ሶሌር የተባለውን ዘይት በዚያው ሰሞን ለገበያ አቀረበ። ኦስትሪያዊው ፍራንዝ ግራይተር በ1938 ፒዝ ቡይን የተባለውን ተራራ ሲወጣ ፀሐይ ክፉኛ አቃጠለችው፤ በ1946 የበረዶ ግግር ክሬም ብሎ የሰየመውን ቅባት ሸጠ። በአሜሪካም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የማያሚው ፋርማሲስት ቤንጃሚን ግሪን ከቀይ ቫዝሊን ተነሥቶ ኮፐርቶን የተባለውን ቅባት አወጣ። የእነዚህ ሁሉ ዓላማ አንድ ነበር፦ ሰው ሳይቃጠል ረዘም ላለ ጊዜ ፀሐይ ላይ እንዲቆይና ቆዳው እንዲጠይም። እርጅናን መከላከል ገና ሐሳባቸው ውስጥ አልገባም።

የክሬሞቹ የመከላከል አቅም መለኪያ ታሪክም ይህንኑ ያሳያል። ጀርመናዊው ሩዶልፍ ሹልትሰ በ1956 መነሻውን አበጀ፤ ግራይተር በ1970ዎቹ ኤስፒኤፍ የሚለውን ስም አስለመደ፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት በ1978 ለደንቡ ተቀበለው። ቁጥሩ የሚናገረው የተቀባ ቆዳ እስኪቀላ የሚፈጀው ጨረር ካልተቀባው ስንት እጥፍ እንደሆነ ነው። 15 ቁጥር ክሬም ቆዳን ከሚያቀላው ጨረር 7 በመቶ ያህሉን፣ 30 ቁጥር 3 በመቶ ያህሉን ያሳልፋል። ይህም የሚሆነው በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 2 ሚሊግራም ሲቀቡ ነው፤ አብዛኛው ሰው የሚቀባው የዚህን ግማሽ ወይም ከዚያም ያነሰ ነው።

ቁጥሩ በዋናነት የሚለካው ዩቪ ቢ የተባለውን አጭር ሞገድ አልትራቫዮሌት (ዩቪ) ነው፤ ቆዳን በማቅላት ተወዳዳሪ የለውምና። ምድር ላይ ከሚደርሰው አልትራቫዮሌት 95 በመቶ ያህሉ ግን ረጅሙ ዩቪ ኤ ነው። እሱ ብዙ ሳያቀላ ወደ ታችኛው የቆዳ ንብርብር ይዘልቃል፣ የመስኮት መስታወትም ያልፋል። በ2012 በአንድ የሕክምና መጽሔት የታተመ ፎቶ ይህን በግልጽ አሳይቷል፦ 28 ዓመት መኪና ሲያሽከረክር የኖረ የ69 ዓመት አሜሪካዊ የግራ ፊቱ፣ ማለትም በመስኮቱ በኩል ያለው፣ ከቀኙ ይልቅ እጅግ ተሸብሽቦና ወፍሮ ነበር።

የፊት እርጅና ዋና ክፍል ከዕድሜ ሳይሆን ከፀሐይ መሆኑን በአጉሊ መነጽር ያሳየው የፔንስልቬኒያው አልበርት ክሊግማን ነው፤ በ1969 ባሳተመው ጥናት ጉዳቱ ከወጣትነት እንደሚጀምር አመለከተ። ይኸው ሰው በሆልምስበርግ እስር ቤት፣ አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን በሆኑ እስረኞች ላይ የቆዳ ሙከራ አካሂዷል፤ ሥራው ሲወሳ ይህ በደል ሊታለፍ አይገባም። በ1990ዎቹ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቀጣዩን ደረጃ ገለጹ፦ ጨረሩ ቆዳን እንደ ቤት ማገር ወጥሮ የሚይዘውን ኮላጅን የሚቆርጡ ኢንዛይሞችን ይቀሰቅሳል። ለዚህም ቆዳው እስኪቃጠል መጠበቅ አያስፈልገውም።

ፀሐይን ሳይተዉ ቆዳን ከእርጅና መጠበቅ እንደሚቻል በአስተማማኝ ሙከራ የታየው በአውስትራሊያ ነው። የቪክቶሪያ ፀረ ካንሰር ምክር ቤት በ1981 ልብስ መልበስን፣ ክሬም መቀባትንና ባርኔጣ ማድረግን በዘፈን የሚያስተምር ዘመቻ ጀምሮ ነበር። በ1992 ደግሞ ከብሪስቤን በስተሰሜን ባለችው ናምቦር በአዴል ግሪን የተመራ ቡድን ነዋሪዎችን በዕጣ ከፈለ። ግማሾቹ 15 ቁጥር ክሬም በየማለዳው ፊታቸውን፣ አንገታቸውን፣ ክንዳቸውንና እጃቸውን ተቀቡ፤ ሲያልባቸውና ሲታጠቡም ደገሙት። ሌሎቹ እንደ ልማዳቸው ቀጠሉ፤ ክሬም መከልከል ተገቢ አልነበረምና። የእጃቸው ጀርባ ቅርጽ በሲሊኮን እየተወሰደ የቆዳቸው መስመር ተመረመረ። በ2013 በወጣው ውጤት፣ 55 ዓመት ካልሞላቸው 903 ሰዎች መካከል በየቀኑ የተቀቡት ቆዳ በአራት ዓመት ተኩል ውስጥ ከሌሎቹ 24 በመቶ ያነሰ አርጅቶ ተገኘ። ጎን ለጎን የተሞከረው የቤታ ካሮቲን ክኒን ለውጥ አላመጣም። ንጽጽሩ አንዳንዴ ከሚቀቡ ሰዎች ጋር መሆኑ ውጤቱን ይበልጥ ያጠነክረዋል።

በ1990ዎቹ የፀሐይን ጨረር ብርታት በቁጥር የሚናገረው የዩቪ መለኪያም ለሕዝብ ቀረበ፤ ካናዳ በ1992 ጀመረችው፣ የዓለም ጤና ድርጅትም አስፋፋው። ቁጥሩ ከ3 በታች ሲሆን መከላከያ ብዙም አያስፈልግም፤ 3 ሲደርስ ጥላ፣ ልብስና ክሬም ይመከራሉ።

ይህ ታሪክ አንድ ጉድለት አለው፦ ጥናቱ ለረጅም ጊዜ ያተኮረው በነጭ ቆዳ ላይ ነው። በ1979 የወጣ ጥናት የጥቁር ሰው የላይኛ ቆዳ በራሱ በኤስፒኤፍ 13 ያህል፣ የነጩ ግን 3 ያህል የመከላከል አቅም እንዳለው ለካ። ስለዚህ ጥቁር ቆዳ ዘግይቶ ይሸበሸባል፤ ጉዳቱ ቀድሞ የሚወጣው በማድያትና በተዘበራረቀ ቀለም ነው። በ2010 ከዲትሮይት የወጣ ጥናት ደግሞ ጥቁር ቆዳን ዓይን የሚያየው ብርሃን ራሱ ለረጅም ጊዜ እንደሚያጠቁረው አሳየ፤ ይህን ተራ ክሬም አያግደውም። የሚያግደው የብረት ኦክሳይድ ያለበት፣ ቡናማ ቀለም የያዘ ክሬም ነው፤ ፊት ላይም ነጩ የዚንክ ክሬም የሚተወውን አመድ መሳይ ነገር አይተውም። አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለችው አዲስ አበባም አየሩ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ የቀትር ፀሐይ ብርቱ ናት።