በሥራ መካከል የሚጠጣ እህል፤ ከቦስተን ጎዳና እስከ ጋሞ ማሳ



በጉልበት ሥራ መካከል የተወሰደ ካርቦሃይድሬት በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሆን የሚያትቱ ጽሑፎች ታሪኩን አብዛኛውን ጊዜ ከቦስተን ይጀምራሉ። እኔም ከዚያው እጀምራለሁ፤ ጥያቄዬ ግን የሚነሣው ከአባያ ዳርቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1924 ሳሙኤል ሌቪን የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር የቦስተን ማራቶን ሯጮችን ደም ውድድሩ እንዳበቃ መረመረ። የአንዳንዶቹ የደም ስኳር እጅግ ዝቅ ብሎ ተገኘ፤ ገርጥተውና ዝለው የጨረሱትም እነርሱ ነበሩ። በማግሥቱ ዓመት ሯጮች በዋዜማው ካርቦሃይድሬት የበዛበት ምግብ እንዲበሉ፣ በሩጫውም መካከል ከረሜላ እንዲወስዱ ተደረገ። ሁኔታቸው በግልጽ ተሻሻለ።

ይሁን እንጂ የተለካው ደም ብቻ ነበር። በ1960ዎቹ ቤሪስትሮምና ሁልትማን የተባሉ የስዊድን ተመራማሪዎች በመርፌ ከጡንቻ ናሙና እየወሰዱ በጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ስኳር፣ ማለትም ግላይኮጅን፣ በሥራ ጊዜ እንዴት እንደሚሟጠጥ አሳዩ። ታዲያ በመንገድ ላይ የሚወሰደው ምግብ ይህንን ክምችት ይቆጥብ ይሆን? እ.ኤ.አ. በ1986 ኤድዋርድ ኮይልና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ጥናት ያልተጠበቀ መልስ ሰጠ። ካርቦሃይድሬት ያልተሰጣቸው ብስክሌተኞች 3 ሰዓት ያህል፣ የተሰጣቸው ደግሞ 4 ሰዓት ያህል ጋለቡ፤ የጡንቻቸው ግላይኮጅን ግን በሁለቱም ጊዜ የወረደው በተመሳሳይ ፍጥነት ነበር። ተጨማሪውን ሰዓት ያስገኘው ከአንጀት ወደ ደም የገባው ስኳር ነው። የጉበት ክምችት ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል፤ በዚያን ጊዜ ጡንቻው ከደም የሚቀዳው ካጣ ይቆማል። ከዚህ ሁሉ ታሪክ ለእኔ ከሁሉ የሚልቀው ይህ ውጤት ነው።

ገደብም አለው። ግሉኮስ ብቻ ሲወሰድ ሰውነት በሥራ ላይ ሊያቃጥለው የሚችለው በሰዓት 60 ግራም አካባቢ ነው፤ ጠባቡ በር ትንሹ አንጀት ነውና። ፍሩክቶስ በሌላ በር ስለሚያልፍ ሁለቱ ተቀላቅለው ሲጠጡ መጠኑ ከዚያ ይበልጣል።

አሁን ወደ ጋሞ እንምጣ። በደቡብ ኢትዮጵያ የሚጠመቀውን ቦርዴ ከበደ አበጋዝና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት መዝግበውታል። የጉልበት ሠራተኛው በምግብ ፋንታ ይጠጣዋል። እህሉ ከብቅል ጋር ሲዋሐድ በብቅሉ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ስታርቹን ወደ ማልቶስ ይቆራርጠዋል፤ ማልቶሱን አንጀት ወዲያው ወደ ግሉኮስ ይለውጠዋል። በቅል ቦርዴ የሚጎነጭ ገበሬ እንግዲህ ግማሽ መንገድ የተፈጨ ስታርች ከውኃው ጋር ይጠጣል ማለት ነው። የስፖርት መጠጥ ፋብሪካ ስታርችን ቆራርጦ በዱቄት መልክ የሚሸጠውም በዚሁ መርሕ ነው።

ቦርዴ ለአትሌት ይሰጥ አልልም። ወፍራም ነው፤ ጥቂት አልኮልም አለው። ቆፋሪ እያረፈ ስለሚሠራ ሆዱ ፋታ ያገኛል፤ በፍጥነት የሚሮጥ ሰው ግን ደሙ ወደ ጡንቻ ስለሚሄድ አንጀቱ ይሰንፋል። የምለው ሌላ ነው፦ ታሪኩን ከ1924 የምንጀምረው ልኬቱ ከዚያ ስለጀመረ እንጂ ልማዱ ከዚያ ስለጀመረ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ አንድ ጥናት 10 ኢትዮጵያውያን የረጅም ርቀት ሯጮችን ከውድድር በፊት ባለው ሳምንት ተከታትሎ ነበር። ከሚያገኙት ኃይል 64 በመቶው ከካርቦሃይድሬት ነበር፤ በልምምድ ጊዜ ግን ምንም አይጠጡም ነበር። በደቦ ላይ የነበረው ቅል ከመሮጫው መንገድ ቀርቷል።

ስለዚህ ለታሪክም ሆነ ለሥነ ምግብ ተማሪዎች ሥራ አለ። ብቅሉን በዓይንና በእጅ የሚለኩት ጠማቂ እናቶች ሳሉ ጨንቻና አርባ ምንጭ ወርዳችሁ ጠይቁልን፦ ብቅሉ ስንት ቀን ይቆያል? ከየትኛው እህል ነው? ለደቦ የሚጠመቀው ለገበያ ከሚጠመቀው ይለያል ወይ? ቆፋሪውስ ቅሉን የሚያነሣው ሲርበው ነው ወይስ ገና ሳይርበው?