ዳይኖሰርና ቅሪተ አካል፦ ከልጆች ጋር ሙዚየም ለሚሄዱ ወላጆች

ትምህርት ቤት ወይም ማትናስ ልጆችን ወደ ሳይንስ ሙዚየም ሲወስድ ወላጆችም አብረው እንዲሄዱ የሚጋበዙበት ጊዜ አለ። በሥራችን ከምናገኛቸው ወላጆች አንዳንዶቹ «እኔ አልተማርኩ፣ ምን ብዬ ላስረዳው?» እያሉ ይቀራሉ። ነገር ግን ዳይኖሰርን ለማወቅ ከሚረዱት ዋና ዋና ችሎታዎች አንዱ ዱካ ማንበብ ነው። ይህን ደግሞ በአገር ቤት ከብት ሲጠብቅ ያደገ ሰው ከማንም በላይ ያውቀዋል።

ዳይኖሰር ምንድን ነው?

ዳይኖሰሮች ከ230 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በምድር ላይ መኖር የጀመሩ እንስሳት ናቸው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1842 ያወጣው እንግሊዛዊው ሪቻርድ ኦወን ሲሆን፣ በግሪክኛ «አስፈሪ እንሽላሊት» ማለት ነው። ዶሮ የሚያክሉም፣ ከዝሆን በብዙ እጥፍ የሚበልጡም ነበሩ። ከ66 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ዛሬ ሜክሲኮ በምትባለው አገር ግዙፍ አለት ከሰማይ ወድቆ የዓለም አየር ሲናጋ አለቁ። ከዘራቸው የተረፉት ወፎች ብቻ ናቸው። የዶሮን እግር ብናይ ወደ ፊት የዞሩ ሦስት ጣቶች አሉት፤ የብዙ ሥጋ በል ዳይኖሰሮች ኮቴም እንዲሁ ነው።

ልጆች በፊልም ስለሚያዩ ሰውና ዳይኖሰር አብረው የኖሩ ይመስላቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1974 በአፋር የተገኘችው ድንቅነሽ (ሉሲ) ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። በእሷና በመጨረሻዎቹ ዳይኖሰሮች መካከል ከ60 ሚሊዮን ዓመታት በላይ አለ።

ቅሪተ አካል እንዴት ይፈጠራል?

እንስሳው ሲሞት ቶሎ በጭቃ ወይም በአሸዋ ከተቀበረ ሥጋው ይበሰብሳል፣ አጥንቱ ግን ይቆያል። በዘመናት ብዛት ውኃ ይዞት የሚመጣው ማዕድን አጥንቱ ውስጥ ገብቶ ድንጋይ ያደርገዋል። በጭቃ ላይ የታተመ ኮቴም በሌላ አፈር ተሸፍኖ ሊደነድን ይችላል። በዕብራይስጥ ቅሪተ አካል «መኡባን» ይባላል፤ «ኤቨን» ማለትም ድንጋይ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ቄሶቻችን በሚጸልዩበት በግዕዝም ድንጋይ «እብን» ነው። ይህን ለልጆች ማስረዳት የሚችለው ወላጅ ነው።

በእስራኤል የተገኘው ዱካ

እ.ኤ.አ. በ1962 በኢየሩሳሌም አጠገብ ባለው ቤት ዛይት ሞሻቭ ባለ ሦስት ጣት የዳይኖሰር ዱካ ተገኘ። ያጠናው የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲው ሞሼ አቭኒሜሌክ ነው። በዚያ ዘመን አብዛኛው የአገሪቱ ክፍል በባሕር ተሸፍኖ ስለነበር የዳይኖሰር ቅሪት እምብዛም አይገኝም፤ በምትኩ በራሞን ሸለቆ አሞናይት የሚባሉ የባሕር ፍጥረታት በድንጋይ ላይ በብዛት ይታያሉ።

በሙዚየሙ ምን እናድርግ?

በኢየሩሳሌም ጊቭዓት ራም የሚገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1992 የተከፈተው ብሉምፊልድ የሳይንስ ሙዚየም ልጆች በእጃቸው እየነኩ የሚማሩበት ቦታ ነው። በየሙዚየሙ የሚታየው ነገር ስለሚለዋወጥ ስለ ዳይኖሰር የሚያሳይ ክፍል መኖሩን ቀድማችሁ በስልክ ጠይቁ።

• በብዙ ሙዚየሞች የሚታየው የዳይኖሰር አጽም ከእውነተኛው ላይ ቅርጹ ተወስዶ የተሠራ ነው። ልጁ «ውሸት ነው» ካለ፣ እውነተኛው ከባድና ተሰባሪ ስለሆነ ተጠብቆ እንደሚቀመጥ ንገሩት።

• ኮቴ ካያችሁ ልጁን ጠይቁት፦ ወዴት እየሄደ ነበር? ይሮጥ ነበር ወይስ ይራመድ? በኮቴዎቹ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ ከሆነ ይፈጥን ነበር ማለት ነው።

• የኮቴው ርዝመት በ4 ሲባዛ እንስሳው ከመሬት እስከ ዳሌው ያለውን ቁመት በግምት ይሰጣል። 25 ሳንቲ ሜትር ኮቴ ያለው ዳሌው 1 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነበር።

የኦሪት ጥያቄ

«ዓለም በስድስት ቀን ተፈጠረ ካልን ሚሊዮን ዓመት ከየት መጣ?» የሚል ልጅ ይኖራል። የሙዚየሙ አስጎብኚ የሚናገረው ድንጋዩን መርምረው ያገኙትን ነው፤ የኦሪቱን ትርጉም ግን ቄስ ወይም ራቢ ይጠየቅ። «ዝም በል» ከማለት «አብረን እንጠይቅ» ማለት ይሻላል። ዛሬ ስለ ዳይኖሰር ሲጠይቅ የተሰማ ልጅ ነገ የሚያስጨንቀው ነገር ሲገጥመውም ወደ ወላጁ ይመጣል።