“አባይ”፦ የአንድ ቃል ታሪክና የጎጃም ቅኔ

በሰከላ ከግሽ ተራራ ሥር የሚመነጨው ወንዝ ግልገል አባይ ተብሎ ጣና ይገባል፤ ከሐይቁ ወጥቶም ጎጃምን ይዞራል። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ወንዙ ሳይሆን ስሙ ነው።

በግእዝ “ዐቢይ” ታላቅ ማለት ነው፤ ዐቢይ ጾም ስንል የምንጠራው ይህንኑ ቃል ነው። ለአንስታይ ሲሆን “ዐባይ” ይላል። ትግርኛም ይህን ጠብቆ ይዞታል፤ ትልቅ የሆነች ሁሉ “ዓባይ” ናት፤ ሴት አያትም በዚሁ ቃል ትጠራለች። የወንዙ ስም ከዚህ የወጣ ነው የሚለው አስተያየት ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይበልጥ አሳማኝ ነው። “የውኃ አባት” ከማለት የመጣ ነው የሚለው፣ በኦሮምኛም “አባ” አባት ማለት መሆኑ ደጋፊ ቢመስልም፣ ከፊደሉ ጋር አይስማማም፤ “አብ” በአልፍ፣ “ዐቢይ” በዐይን ይጻፋልና። (የዐረብኛው “ዐባያ” መደረቢያ ልብስ ነው፤ ከወንዙ ጋር የሚያገናኘው የለም።) አማርኛ የአልፍንና የዐይንን ድምፅ ስላዋሐደ ትርጉሙ ተሰወረ። “ግልገል” እና “ታላቅ” ጎን ለጎን ሲቆሙ ማንም የማይገረመው ለዚህ ይመስላል። ጾታውም ተለውጦ፣ “አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል” በሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ወንዙ ተባዕት ሆኗል።

አማርኛ ደግሞ ሌላ “አባይ” አለው። ከ“ገደለ” ገዳይ፣ ከ“ከፈለ” ከፋይ እንደሚወጣ ሁሉ፣ ከ“አበለ” አባይ ይወጣል፤ ዋሾ ማለት ነው። አባይ ሚዛን፣ አባይ ጠንቋይ የምንለው ከዚህ ነው። ሁለቱ ቃላት ዝምድና የላቸውም፤ በጽሑፍ ግን አይለዩም፤ መጥበቅና መላላትም በፊደላችን አይታይም።

ይህ መገጣጠም ለባለቅኔ ሲሳይ ነው። በዋሸራ፣ በጎንጅ፣ በዲማና በደብረ ኤልያስ ጉባኤ ቤቶች የተማረ ሰው አንዱን ቃል በሁለት ፍች ማሳደር ሥራው ነው። “አገሩን አባይ ሞላው” ቢል ሰሙ ጎርፍ ነው፤ ወርቁ የዋሾ መብዛት። ከዚህም ሲያልፍ፣ በግእዝ ቅኔው “ዐባይ” ብሎ ያከበረውን በአማርኛው ፍች ሊወጋው ይችላል።

ዘመናዊው የአማርኛ ግጥም ወንዙን አፈር ወሳጅ፣ ለባዕድ አዳይ እያለ ሲወቅስ፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ በፖለቲካ ብቻ ይተነተናል፤ ግብፅና ሱዳን በ1952 ዓ.ም. ያለ ኢትዮጵያ ውኃውን መከፋፈላቸው ይጠቀሳል። እውነት ነው፤ ግን አይበቃም። ተከዜም አፈር ይዞ ድንበር ይሻገራል፤ ሲወቀስ ግን እምብዛም አይሰማም። ልዩነቱ ከስሙ የመጣ ይመስላል፤ አባይን አስቀድሞ የከሰሰው ቋንቋው ነው።

በ2003 ዓ.ም. ጉባ ላይ የተጀመረው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ወንዙ ማደሪያ አገኘ ማለት ነው። በእነዚህ ዓመታት የተጻፉትን ግጥሞች የሚሰበስብ ተማሪ በመጀመሪያ ሊመረምር የሚገባው፣ ገጣሚዎቹ ከሁለቱ “አባይ” የትኛውን እንደያዙ ነው፤ ወቀሳው ቢቀር እንኳ ዋሾው “አባይ” ከቋንቋው አልወጣምና።