የት እንደር?

ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ጎንደር የሚሄድ መንገደኛ ወረታን ካለፈ በኋላ የፎገራን ሜዳ ይዞ፣ ርብን ተሻግሮ ወደ አዲስ ዘመን ይዘልቃል። በዚህ መካከል ይፋግ አለች። መኪናው ያልፋታል፣ መንገደኛውም አብዛኛውን ጊዜ አያስተውላትም። ከጎኑ የተቀመጠ የአገሩ ሰው «ይቺ ይፋግ ናት» ቢለው እንኳ «እሺ» ብሎ ወደ እንቅልፉ ይመለሳል።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግን ይፋግን የማያውቅ ነጋዴ ነጋዴ አይባልም ነበር። ከጣና በስተሰሜን ምሥራቅ ያለችው ይህች ቦታ ከበጌምድር ታላላቅ ገበያዎች አንዷ ነበረች። ከሰሜን በምፅዋና በዐድዋ በኩል የገባው ሸቀጥ፣ እንደ ገንዘብ የሚያገለግለው አሞሌ ጨው፣ ከደቡብ ደግሞ ከጊቤ አገር ተነስቶ በጎጃሙ የባሶ ገበያ በኩል የሚመጣው ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ወርቅ የሚገናኙት በዚህ መስመር ላይ ነው። ሳይሸሸግ መነገር ያለበት ነገርም አለ። በዚያው መንገድ ሰውም እንደ ሸቀጥ ይነዳ ነበር።

ስለዚህ ገበያ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ሸቀጡ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን መንገዱ ነው። እስቲ አስቡት! አስፋልት የለ፣ ስልክ የለ፣ ካርታ የለ። በየኬላው ቀራጭ፣ በየዱሩ ሽፍታ፣ በየቆላው ንዳድ አለ። ክረምት ሲገባ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ባሕር ያደርጉታል፤ ዓባይም ተሻጋሪ አይቀበልም። ይህን ሁሉ አልፎ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰውና ከብት ይዞ፣ ወራት ተጉዞ፣ ጭነቱን ሳያስበላ የሚመለስ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

ስሙ ነጋድራስ ነው። የነጋዴዎች ራስ፣ ማለትም አለቃ። ቃሉ ኋላ ላይ የጉምሩክና የገበያ ሹም መጠሪያ ሆነና የቢሮ ሽታ ሸተተ እንጂ፣ መነሻው መንገድ ነው። ሲራራ ነጋዴ ብቻውን አይሄድም። ሽፍታ እንዳይደፍረው ሌላው እስኪመጣ ይጠብቃል፣ ይሰበሰባል፣ ከዚያ በአለቃ ይመራል። መቼ እንነሳ? ወንዙን ዛሬ እንሻገር ወይስ እንደር? ሽፍታ አለ የተባለበትን በር እንለፍ ወይስ እንዙር? የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው። ከሁሉም በላይ ግን በየቀኑ የሚመጣ አንድ ጥያቄ ነበረበት፤ የት እንደር?

ይህ ጥያቄ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ውሃ ያለበት ቦታ ሣር አለው፤ ሣር ያለበት ቦታ ለከብቱ ይመቻል፤ ግን ውሃው ያለው ቆላ ውስጥ ከሆነ ንዳዱም እዚያው አለ። ስለዚህ ደገኛው መንገደኛ ወንዙን በቀን ወርዶ፣ በቀን ተሻግሮ፣ ማታ ከፍታ ላይ ወጥቶ ማደር ይመርጥ ነበር። ስለ ትንኝ ያስተማረው ሐኪም የለም። ያስተማሩት ከሱ በፊት ቆላ አድረው የሞቱት ናቸው።

ታዲያ ነጋድራስ የት ተማረ? ወንበርና ጥቁር ሰሌዳ ያለበት ትምህርት ቤት አልገባም። አህያ እየነዳ፣ ጭነት እየጫነ፣ ከታላላቆቹ ኋላ እየሄደ ተማረ። የቤተ ክህነቱም መንገድ እንዲሁ ነበር። ለቅኔ ወደ ጎጃም ዋሸራ፣ ለድጓ ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አምባ የሚሄደው የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ አገር ለአገር ሲዞር የሚማረው ዜማና ቅኔ ብቻ አልነበረም። ውሻ ማባረር፣ እንግድነት መለመን፣ ወንዝ ማጥናት፣ የታመመ ጓደኛ ማስታመም አብሮ ይማር ነበር። ለዚህኛው ማዕረግ አይሰጥበትም፤ ያልቻለው ግን የድጓውንም ማዕረግ ለማየት አይደርስም።

አሁን ወደ ፈረንጅ አገር ልሻገር። አሜሪካ ውስጥ አንዳንድ የኮሙኒቲ ኮሌጆች «ከቤት ውጭ አመራር» ልንለው የምንችለውን ትምህርት ይሰጣሉ። ተማሪው ተራራ ይወጣል፣ በጀልባ ይቀዝፋል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ሐኪም በሌለበት ስለሚሰጥ የመጀመሪያ ዕርዳታ ይማራል። ለዚህም የምስክር ወረቀት ይቀበላል። የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። «ዱር ለዱር ለመዞር ኮሌጅ መግባት! የእኔ አባት ታዲያ ፕሮፌሰር ነበር ማለት ነው» ይላል።

ቀልዱ ጥሩ ነው። ታሪኩን ያየ ግን ስቆ አያልፍም። እ.ኤ.አ. በ1941፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተፋፋመበት ጊዜ፣ ኩርት ሃን የሚባል ከጀርመን የተሰደደ አስተማሪና ሎረንስ ሆልት የሚባል የመርከብ ባለቤት በዌልስ አገር፣ አበርዶቪ ላይ አንድ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ስሙ አውትዋርድ ባውንድ ነው። ምክንያቱ የሚያስገርም ነበር። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ መርከቦች በጠላት ሲመቱ፣ በሕይወት አድን ጀልባ ላይ ሆነው ቀድመው የሚሞቱት ሽማግሌዎቹ ሳይሆኑ ወጣቶቹ ባሕረኞች ነበሩ ተባለ። ጉልበቱ ያለው ከወጣቶቹ ዘንድ ነው። ሽማግሌዎቹ ያላቸው ደግሞ ከዚህ በፊት መከራ ያየ ልብ፣ መቼ መቅዘፍ መቼ ማረፍ እንዳለበት የሚያውቅ ልምድ ነው። ትምህርት ቤቱ የተከፈተው ይህን ልምድ ለወጣቱ በአጭር ጊዜ ለማስጨበጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ደግሞ ፖል ፔትዞልት የሚባል ተራራ ወጪ በአሜሪካ ዋዮሚንግ ውስጥ በዱር ላይ መሪ የሚሆኑ ሰዎችን የሚያሠለጥን ትምህርት ቤት አቋቋመ። የኮሌጆቹ ትምህርትም የዚሁ ዘር ነው።

እነሱ ያጡትን አውቀው ትምህርት ቤት ሠሩለት። እኛስ? እኛም አጥተናል፤ ያጣን ግን አልመሰለንም። መኪና መጣ፣ ሲራራው ቀረ፣ ነጋድራሱ ተረሳ። መንገደኛው ግን አልቀረም።

እዚሁ ይፋግ ያለችበት ሊቦ ከምከም ወረዳ በ1997 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ። ሰው በትኩሳት ይወድቃል፣ ሆዱ ያብጣል፣ ሰውነቱ ያልቃል፣ ይሞታል። መጀመሪያ መድኃኒት የተለማመደ ወባ ነው ተባለ። የወባ መድኃኒት ተሰጠ፤ አልሠራም። በኋላ ሲመረመር ካላ አዛር ሆነ። ካላ አዛር የሁመራና የመተማ ቆላ በሽታ እንጂ የዚህ ደጋማ አገር በሽታ አይደለም ተብሎ ይታሰብ ነበር። ታዲያ እንዴት መጣ? ተመራማሪዎች በዋናነት የጠረጠሩት፣ ለሰሊጥ አጨዳና ለአረም ወደዚያ ቆላ ወርደው የሚመለሱ የቀን ሠራተኞች ይዘውት ሳይመጡ አልቀሩም የሚል ነው። ሰውን ለበሽታው ከሚያጋልጡት ነገሮች መካከል የቆጠሩትን ስሰማ ግን የነጋድራሱ ጥያቄ መጣብኝ። ከግራር ሥር መተኛት አንዱ ነው። የት እንደር?

ለሠራተኛው ይህን ማን ነገረው? አምስት ስድስት ሆነው ከመንደራቸው ይነሳሉ። መሪ የላቸውም፤ ቢበዛ አንድ ደላላ አላቸው። ደላላ ደግሞ መንገድ ያደርሳል እንጂ አይመልስም። ነጋድራሱ ሰዎቹ ካልተመለሱ ጭነቱም፣ ስሙም ይጠፋል። ደላላው ግን ድርሻውን የሚቀበለው ገና ሲሄዱ ነው።

ወደ ሰሜን ከፍ ብለን ደባርቅን እንይ። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሰላም በሆነባቸው ዓመታት ወደዚያ የሚመጣ ጎብኚ አስጎብኚ፣ ጠመንጃ የያዘ ስካውት፣ በቅሎ ከነጓዟ፣ ሲፈልግም ወጥ ቤት ይዞ ይወጣል። የት እንደሚታደር የታወቀ ነው፤ ቢታመም የሚመልሰው አለ። ይህ ደግ ሥራ ነው፤ የብዙ ሰው እንጀራም ነው። ግን እስቲ እናነጻጽረው። ለመዝናናት ለሚሄደው ሰው መሪ አዘጋጀን። ለእንጀራ ወደ መተማ ለሚወርደው የሊቦ ልጅ ግን «እግዜር ይከተልህ» ብለን ሸኘነው።

«ድሮ ቀረ» ለማለት አይደለም። በድሮው መንገድም ብዙ ሰው አልቋል፤ ነጋድራሱም ለነጋዴው እንጂ ታስሮ ለሚነዳው ሰው አባት አልነበረም። የድሮው ምክርም እንዳለ አይሠራም። የቀን ሠራተኛ «ማታ ማታ አምባ ላይ ወጥቼ ልደር» ቢል ባለ እርሻው ይስቅበታል። የሚተኛው ሰሊጡ ያለበት ነው።

ቢሆንም ሊማረው የሚችለው ነገር ብዙ ነው። አጎበር መያዝን፣ ከግራርና ከተሰነጠቀ መረሬ መሬት ርቆ መተኛትን፣ ውሃ ማከምን፣ የሞላ ወንዝ አለመድፈርን፣ ከመካከላቸው አንዱን አለቃ ማድረግን መማር ይችላል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ እንኳ ብዙ ነፍስ ታድን ነበር። ይኸውም ሲመለስ ትኩሳት ከያዘው ለጤና ባለሙያው «መተማ ነበርኩ» ብሎ መናገር ነው።

ወረታ ላይ የግብርና ኮሌጅ አለ። ፎገራ ከ1970ዎቹ ወዲህ በሩዝ ስሟ ስለተነሳም የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ተቋቁሞባታል። ለሩዝ ያልሰሰትነውን ሥልጠና ለመንገደኛው ብናካፍለው ምን ይጎድላል? ሁለት ዓመት አያስፈልግም። ሠራተኛው ከመውረዱ በፊት ባለችው ጊዜ፣ ጥቂት ቀን፣ አንድ ከዚያ የተመለሰ ልበ ሙሉ ሰው፣ አንድ የጤና ባለሙያ ይበቃል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። እነዚህ ልጆች ግን ሲሮጡ እንኳ ማን አስታጠቃቸው?

የይፋግን ገበያ መመለስ አይቻልም፤ መመለስም አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ነጋድራሱ ማታ ማታ ከመንገዱ ቆም ብሎ የሚጠይቃትን ያችን ጥያቄ መመለስ ነው። ዛሬ ማታም አንድ ቦታ፣ ከቤቱ የራቀ ልጅ ጨርቁን ይዞ ቆሞ የሚጠይቃት እሷን ነው።