ብሬከሩ ያላየው ብልጭታ

በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሴፕቴምበር 2 ቀን 1998 የስዊስኤር በረራ 111 ከኒውዮርክ ወደ ጄኔቫ ሲጓዝ፣ ከተነሳ አንድ ሰዓት ሳይሞላው አብራሪዎቹን አንድ ሽታ ሸተታቸው። መጀመሪያ ከአየር ማቀዝቀዣው ነው ብለው ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቶ አውሮፕላኑ ካናዳ ውስጥ ኖቫ ስኮሺያ ዳርቻ ባሕር ላይ ወደቀ። የተሳፈሩት 229 ሰዎች በሙሉ አለቁ።

ምርመራው ከአራት ዓመት በላይ ፈጀ። እስቲ አስቡት፤ ወደ 250 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ሽቦ የነበረው አውሮፕላን ሁለት ሚሊዮን ያህል ስብርባሪ ሆኗል። መርማሪዎቹ ሽቦውን ከባሕር እያወጡ አንድ በአንድ አዩት። መዳቡ በአርክ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ብልጭታ፣ የቀለጠባቸውን ቦታዎች አገኙ። አንዱ የተሳፋሪዎች መዝናኛ መሣሪያ መስመር ላይ ነበር። በ2003 ባወጡት ሪፖርት፣ እሳቱ ከኮክፒቱ ጣሪያ በላይ ከሽቦ በተነሳ አርክ ሳይጀምር እንዳልቀረና አጠገቡ ያለውን የሙቀት መከላከያ ልባስ እንዳቀጣጠለ ገለጹ። ጥፋተኛው ያ ሽቦ ብቻ ነው ለማለት ግን አልደፈሩም።

ተማሪዎቻችን እዚህ ላይ «ብሬከሩ ለምን አልቆረጠውም?» ይሉናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። የተለመደው ብሬከር የሚሠራው በሙቀት ነው፤ ከልክ ያለፈ ከረንት ሲያልፍበት ውስጡ ያለው ብረት ሞቆ ይጣመምና መስመሩን ይቆርጣል። አርክ ግን ሽቦው ሲላጥ ወይም ሲሰነጠቅ ብልጭ ድርግም የሚል ነገር ነው። ሙቀቱ በሺህ የሚቆጠር ዲግሪ ቢሆንም ቆም ቀጠል ስለሚል በአማካይ ከረንቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል። ብሬከሩ ምንም ሳይሰማው እሳቱ ይያያዛል።

ስለዚህ የአሜሪካ ባሕር ኃይልና የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የከረንቱን መጠን ብቻ ሳይሆን ቅርጹንም የሚያይ የአውሮፕላን ብሬከር ለማሠራት ተባበሩ። ጤነኛ ከረንት በግራፍ ሲታይ ለስላሳ ማዕበል ነው፤ አርክ ያለበት የተቦጫጨቀ ነው። ታዲያ የሞተር ብሩሽም፣ ማብሪያ ማጥፊያም ብልጭታ አላቸው! በከንቱ እየደነገጠ መስመር የሚቆርጥ ብሬከር በአየር ላይ ራሱ አደጋ ነው። በእኛ አስተያየት ከባዱ ሥራ ይኼ ነበር።

ሌላም ዘዴ አለ። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሳለ በሽቦው ውስጥ ሲግናል ይላካል፤ ብልሽት ሲያገኝ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል፣ የፈጀው ጊዜም ርቀቱን ይናገራል። ቀጭን ስንጥቅ ግን ማሚቶው ደካማ ነው።

በ2007 የአሜሪካ አቪዬሽን አስተዳደር ሽቦን ራሱን እንደቻለ የአውሮፕላን ክፍል የሚቆጥር ደንብ አወጣ። ለመኖሪያ ቤት ግን አርክ የሚለይ ብሬከር ቀድሞ ነው የታዘዘው፤ የ1999ኙ የአሜሪካ የኤሌክትሪክ ደንብ ከ2002 ጀምሮ በአዳዲስ ቤቶች መኝታ ክፍል እንዲገባ ጠይቆ ነበር። እኛ ሰፈር በጄኔሬተሩ ሣጥን ውስጥ ያለው አሮጌው ዓይነት ነው።