ሸክሙን ማን ይሸከም? በፖርታሎች ውስጥ የሰርቨርና የብራውዘር የሥራ ክፍፍል ታሪክ

በአንድ ፖርታል ላይ ቅጽ ሞልቶ መልስ የሚጠባበቅ ሰው፥ ያዘዘው ሥራ የሚከናወነው ከፊቱ ባለው መሣሪያ ይሁን ወይም በሩቅ በሚገኘው ሰርቨር ለይቶ ላያውቅ ይችላል። ፖርታሉን ለሚያቋቁመው ባለሙያ ግን ይህ አስቀድሞ መወሰን ያለበት ጉዳይ ነው። ነገሩ በምሳሌ ሲታይ፥ ለአንድ ቤት የተፈጨ ዱቄት በመላክና እህሉን ልኮ እዚያው እንዲፈጭ በማድረግ መካከል ያለውን ልዩነት ይመስላል። ድካሙ አይቀርም፤ የሚለወጠው ተሸካሚው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ሸክሙ በየዘመኑ ከወዴት ወደ ወዴት እንደ ተዛወረና ምክንያቱ ምን እንደ ነበረ በአጭሩ ማስረዳት ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄው ከድረ ገጽ መፈጠር በፊት የነበረ ነው። በ1961 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፥ በፈርናንዶ ኮርባቶ መሪነት የተሠራው የጊዜ መጋራት ሥርዓት፥ ብዙ ሰዎች በየተርሚናላቸው ሆነው በአንድ ታላቅ ኮምፒዩተር እንዲሠሩ አስቻለ። ኮምፒዩተር እጅግ ውድ ስለ ነበር ሥራው በማዕከል መከናወኑ የግድ ነበር። ይሁን እንጂ አይ.ቢ.ኤም. በ1971 ባወጣው 3270 በተባለው ተርሚናል፥ ሠራተኛው ቅጹን ከሞላ በኋላ ገጹን በአንድ ጊዜ ይልክ ነበርና የማዕከሉ ሸክም በመጠኑ ቀለለ። ከ1981 ወዲህ የግል ኮምፒዩተር በየመሥሪያ ቤቱ እየተስፋፋ ሲሄድ የማስላት ኃይል በየጠረጴዛው ተከፋፈለ።

ቲም በርነርስ ሊ በሰርን የምርምር ተቋም የድሩን ሐሳብ በ1989 ካቀረበ በኋላ፥ የመጀመሪያው ሰርቨርና የመጀመሪያው ብራውዘር በ1990 መጨረሻ ሥራ ጀመሩ። ድሩ በዚያን ጊዜ በዋናው ሰነድ ማስነበቢያ ነበር። በ1993 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የተወጠነው ሲ.ጂ.አይ. የተባለው ደንብ፥ ሰርቨሩ ከአንባቢው ጥያቄ ሲቀርብለት ፕሮግራም አስኪዶ ገጹን እንዲያዘጋጅ መንገድ ከፈተ። ያሁ በ1996 ያቀረበው የግል ገጽ ለዚህ ዐይነተኛ ምሳሌ ነው፤ ዜናው፥ የአየር ጠባዩና የአክሲዮን ዋጋው እንደየሰው ምርጫ በሰርቨሩ ተሰናድቶ ይላክ ነበር። አሠራሩ ለአንባቢው መሣሪያ ቀላል ሆኖ ሳለ አንድ ጉድለት ነበረው፤ ከገጹ ጥቂቱ እንዲለወጥ ሲፈለግ ገጹ በሙሉ እንደገና መምጣት ነበረበት።

በ1995 በኔትስኬፕ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ብሬንዳን አይክ የጃቫስክሪፕትን የመጀመሪያ ቅርጽ በ10 ቀን ውስጥ አዘጋጀ። ከዚህም የተነሣ ብራውዘሩ በቅጽ ላይ የተዘለለውን ባዶ ቦታ ሰርቨሩን ሳይጠይቅ ለማመልከት በቃ። በ1999 የወጣው የማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 5 ደግሞ ገጹን ሳይለውጥ ከሰርቨሩ መረጃ የሚያስመጣበትን ዘዴ ያዘ። ዘዴው በጂሜይል በ2004፥ በጉግል ካርታ ደግሞ በ2005 ለብዙ ሕዝብ ታወቀ፤ ጄሲ ጀምስ ጋሬት በዚያው በ2005 አጃክስ የሚል ስም አወጣለት። በ2010 አንጉላርጄኤስ፥ በ2013 ሪአክት ሲከተሉ፥ ብዙ ፖርታሎች ጥሬ መረጃና ፕሮግራም ብቻ እየላኩ ገጹን የመሥራቱን ተግባር ለአንባቢው መሣሪያ ተዉለት።

ነገር ግን ፕሮግራሙ እስኪደርስና ሥራ እስኪጀምር ድረስ ደካማ ስልክና ቀጭን መስመር ያለው ሰው ባዶ ገጽ እያየ መጠበቅ ግድ ሆነበት። ስለዚህ በ2016 እንደ ወጣው ኔክስት ጄኤስ ያሉ መሣሪያዎች የመጀመሪያውን ገጽ በሰርቨር የማዘጋጀትን ልማድ መለሱት። በዚህ ሁሉ መመላለስ ውስጥ ሊዛወር የማይገባው አንድ ሥራ ማረጋገጥ ነው። በብራውዘር የሚካሄደውን ፕሮግራም ባለ መሣሪያው ሊለውጠው ስለሚችል፥ ሥልጣንንና ሒሳብን የሚመለከት ምርመራ ምን ጊዜም በሰርቨሩ መደገም አለበት።

ጉዳዩ ለአማርኛ አንባቢም ባዕድ አይደለም። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ከመግባቱ በፊት፥ የአማርኛ ድረ ገጽ ለማንበብ አዘጋጁ የተጠቀመበት የፊደል ቅርጽ በአንባቢው ኮምፒዩተር ላይ መገኘት ነበረበት። ይህ ካልሆነ የሚታየው ትርጉም የለሽ ምልክት ነበር። አንዳንዶች ጽሑፉን በሥዕል መልክ አዘጋጅተው ይልኩ ነበር፤ ሥዕሉ መስመሩን ቢያከብደውም አንባቢውን ከችግር አዳነው።

እንግዲህ ታሪኩ የሚያስተምረን አንዱ መንገድ ዘመናዊ፥ ሌላው ኋላ ቀር አለመሆኑን ነው። ማዕከሉ ሲወደድ ሥራው ወደ ዳር ይወጣል፤ ዳሩ ሲደክም ወደ ማዕከል ይመለሳል። አደጋው ባለሙያው የራሱን ፈጣን ኮምፒዩተር የሁሉ ሰው መለኪያ አድርጎ ሲወስድ ነው። የምስክር ወረቀቱን ወይም የፈተና ውጤቱን በአሮጌ ስልክ ለሚፈልግ ሰው የፖርታሉ አሠራር የአገልግሎት ማግኘትና ያለማግኘት ጉዳይ ነውና፥ እህሉን ከመላካችን በፊት በተቀባዩ ቤት ወፍጮ መኖሩን እንጠይቅ።