የቤት ገንፎና የሱቅ ዱቄት፤ ስለ ሕፃናት ምግብ በይፋግ አካባቢ

ይፋግ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ በፎገራ ሜዳ አካባቢ የምትገኝ የጥንት የገበያ ከተማ ናት። በቀድሞው ዘመን በቤጌምድር ትቈጠር ነበር፤ ዛሬ በደቡብ ጎንደር በሊቦ ከምከም ወረዳ ውስጥ ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት ከጎንደር ወደ ደቡብ የሚያልፉ የሲራራ ነጋዴዎች ይገናኙባት እንደ ነበር፣ አሞሌ ጨውም በገንዘብ ፈንታ ያገለግል እንደ ነበር የታወቀ ነው። ስለ እንዲህ ያሉ ገበያዎች ሲጻፍ ዘወትር የሚነሣው ነጋዴው ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ገበያውን የምንመለከተው ከሕፃኑ ገበታ አንጻር ነው። እናት ለልጇ የቤቷን ገንፎ ትስጠው ወይስ የሱቁን ዱቄት ትግዛለት? ብዙ ሰዎች ይህን የአሮጌና የአዲስ ልማድ ክርክር አድርገው ይወስዱታል። ታሪኩን ለሚመረምር ግን ዋናው ነገር ከጎተራው ምን ለገበያ ይወጣል፣ ምንስ ለልጅ ይቀራል የሚለው መሆኑ ይገለጥለታል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በአማራው ባላገር ዘንድ ሕፃን እንደ ተወለደ ለጋ ቅቤ ማላስ የቈየ ልማድ ነው። እንገሩን፣ ማለት የእናቲቱን የመጀመሪያ ቢጫ ወተት፣ አልቦ መድፋትም በብዙ ቦታ ይደረግ ነበር። ሁለቱም ሕፃኑን እንደሚጐዱ የዛሬው ሕክምና ያስረዳል። ከጡት ቀጥሎ አጥሚት፣ ኋላም የገብስ ወይም የስንዴ ገንፎ፣ ከዚያም በሽሮ የራሰ እንጀራ ይሰጠዋል። እናቲቱ ዳግመኛ ስታረግዝ ጡቷ ለልጁ አይስማማውም ተብሎ ስለሚታመን ልጁ በድንገት ጡት ይጥላል። አደጋው የሚበረታውም በዚህ ጊዜ ነው። ነገሩ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ሐኪሟ ሲስሊ ዊልያምስ በ1930ዎቹ በጎልድ ኮስት፣ በዛሬዪቱ ጋና፣ ስለ ሕፃናት በሽታ ሲጽፉ የወሰዱት «ክዋሺዮርኮር» የሚለው የጋ ሕዝብ ቃል ታናሽ ሲመጣ ታላቁን ልጅ የሚይዘውን በሽታ የሚያመለክት ነው።

የሱቅ ምግብ በአውሮፓ ተጀመረ። ጀርመናዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በ1865 ከስንዴ ዱቄት፣ ከብቅልና ከላም ወተት የሕፃን ምግብ አዘጋጀ። በ1867 ደግሞ ሄንሪ ኔስትሌ በስዊስ አገር የራሱን የወተት ዱቄት ለገበያ አወጣ። ወደ እኛ አገር ስንመለስ፣ በ1962 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ ኋላም የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ተባለ። ከዚህ ክፍል ሥራ የተገኘው ድብልቅ ዱቄት «ፋፋ» ተብሎ ተሰየመ። ቃሉ ዳበረ፣ ወፈረ፣ በደኅና አደገ ማለት ስለ ሆነ ስሙ ራሱ የእናት ምኞት ነው። ዱቄቱም ከስንዴ፣ ከሽምብራ፣ ከአኩሪ አተር፣ ቅባቱ ከወጣለት የወተት ዱቄት፣ ከስኳርና ከጨው ተሠርቶ ቪታሚንና ማዕድን የተጨመረበት ነው።

እንግዲህ አንባቢው ያስተውል። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ስንዴውና ሽምብራው በሊቦና በፎገራ ማሳ የሚበቅሉ ናቸው፤ ወተቱም የፎገራ ላም የምትታወቅበት ነው። የሱቁ ዱቄት ለባላገሪቱ እንግዳ ነገር አልነበረም፤ አብዛኛው የራሷ እህል ነው። ይሁን እንጂ ባላገር ገንዘብ የሚያገኘው እህሉንና ቅቤውን ሸጦ ስለ ሆነ፣ ያንኑ ዓይነት እህል በወፍጮ፣ በመጠቅለያና በመጓጓዣ ዋጋ ከብዶ መልሶ መግዛት ይሆንበታል። ስለዚህ ፋብሪካ የሠራው ምግብ ደመወዝ ላለው የከተማ ሰው የቀረበውን ያህል ለባላገር አልቀረበም።

የሊቃውንቱም አሳብ ቢሆን ተለውጧል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የሕፃናት ችግር ከሁሉ አስቀድሞ የፕሮቲን ጉድለት ነው ይባል ነበር፤ ፋፋም የተወለደው በዚህ አሳብ ዘመን ነው። በ1974 ዶናልድ ማክላረን «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት ይህን አሳብ አጥብቀው ነቀፉ። ከዚያ ወዲህ የጠቅላላው ምግብ ማነስ፣ ማለት የኃይል ሰጪው ጉድለት፣ ከፍ ያለ ስፍራ ተሰጠው። የሕፃን ሆድ ትንሽ ስለ ሆነ ቀጭን አጥሚት ሆዱን ይሞላል እንጂ ሰውነቱን አይገነባም። ከዚህ የተነሣ ለተወለደበት ቀን የማይገባው ቅቤ፣ ልጁ ስድስት ወር ከሞላው በኋላ በገንፎው ላይ ሲጨመር የሚያስመሰግን ሆኖ ይገኛል። ለጠላ የሚዘጋጀው ብቅልም ጥቂቱ ብቻ በገንፎ ቢገባ ወፍራሙን ገንፎ ያቀጥነዋል፤ ስለዚህ ውኃ ሳይበዛ ብዙ ዱቄት ለሕፃን ሊበላ ይችላል። ሊቢግ በ1865 ብቅልን ከቀመሩ ማግባቱን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

ሌላው መሰናክል የጾም ዕቃ ነው። ሕፃናት ከጾም ሕግ ነጻ ሲሆኑ፣ ድስቱ እንዳይነካካ በመፍራት ብዙ እናቶች በጾም ወራት ወተትና እንቍላል ለልጅ አያዘጋጁም። ለዚህ ፈውሱ የታሸገ ዱቄት አይደለም፤ ለልጁ የተለየች አንዲት ትንሽ ድስት ናት።

የሱቅ ምግብ ሁሉ አንድ አለመሆኑም መታወቅ አለበት። በእናት ጡት ፈንታ የሚሸጥ የዱቄት ወተት ንጹሕ ውኃ በሌለበት ቤት ሕይወት ያጠፋል፤ የዓለም ጤና ጉባኤም በ1981 ሽያጩን የሚገታ ደንብ በ118 ድምፅ ሲያጸድቅ የተቃወመ አንድ መንግሥት ብቻ ነበር። ከስድስት ወር በኋላ ከጡት ጋር የሚሰጥ ድብልቅ ዱቄት ግን፣ ጊዜ ለሌላት እናትና በረኃብ ዘመን፣ እውነተኛ ረዳት ነው።

በ2016 የተደረገው የኢትዮጵያ የሕዝብና የጤና ጥናት እንዳሳየው ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ሕፃናት ዝቅተኛውን ተገቢ ምግብ ያገኙት ከመቶ 7 ብቻ ነበሩ፤ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ልጆች ከመቶ 46ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያነሰ ነበር። ይህ ቍጥር የተገኘው ሽምብራ፣ ቅቤና ወተት በሚወጣበት አገር መሆኑ ሊያሳስበን ይገባል። ገበያ በዋለ ቍጥር ከሚሸጠው ላይ ለሕፃኑ ድርሻ ካልተነሣለት፣ ገንፎውም የታሸገውም ዱቄት በየተራቸው ሳይደርሱት ይቀራሉ።